ፊት ጠቁሮ ሰማይ ሲያምር፦ ከየካ አባዶ ዳርቻ የተነሱ ፎቶዎች ችግርና መፍትሄ

ለፎቶግራፍ ትምህርቴ ያቀረብኳቸውን ሥራዎች ያነሳሁት በየካ አባዶ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ አብቅቶ ወደ ለገጣፎ የሚዘልቀው ሜዳ በሚጀምርበት ጠርዝ። ከተሳኩልኝ ይልቅ የተበላሹብኝ ብዙ አስተምረውኛል። ጥፋቱን ሁሉ በካሜራው ላይ ሳሳብብ ቆይቼ ነበር። ካሜራው ግን ሰውን ከሰማይ አይለይም፤ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው።

ፊቱ ጠቁሮ፣ ሰማዩ አምሮ ሲወጣ

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ይህ ነው። ሰውየውን ሜዳው ላይ አቁሜ ሳነሳ ደመናው ያምራል፣ ፊቱ ግን ጥላ ይመስላል። የካሜራው መለኪያ ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ 18 በመቶ ብርሃን እንደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ሰፊና ብሩህ ሰማይ ሲያይ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ደግሞ ጠይሙን ፊት ይበልጥ ያጨልመዋል። ይህን እንደ ቀላል ጉድለት ማለፍ አልቻልኩም። ፊቱ የማይለይ ሰው ፎቶው ውስጥ አለ ማለት ይከብደኛል።

መለኪያውን ወደ ነጥብ መለኪያ (የምስሉን ትንሽ ቦታ ብቻ ወደሚለካው) ቀይሮ ፊቱ ላይ መለካት ነው መፍትሄው። ቆዳው በጣም ጥቁር ከሆነ ካሜራው እሱንም ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር፣ ግማሽ ወይም 1 እርከን መልሶ መቀነስ ያስፈልጋል፤ 1 እርከን ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ነጥብ መለኪያ የሌለው ካሜራ የያዘ ሰው የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው ከለካው በላይ ወይም በታች እንዲያነሳ የሚያዝዘውን ማስተካከያ) ከ1 እስከ 2 እርከን ከፍ ያድርግ፤ ሰማዩ ይነጣል፣ ፊቱ ግን ይተርፋል። ሁለቱንም ለማዳን የረዳኝ የእህቴ ነጠላ ነው። ከሰውየው ደረት ዝቅ አድርጋ ወደ ፀሐይ ስትዘረጋው ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የዓይን ጉድጓድ ሲጠቁር ደግሞ ሰውየውን በር ላይ ጥላ ውስጥ አቁሞ ፊቱን ወደ ደጅ ማዞር ይበቃል።

ጭስና የብርሃን ጨረር ሲጠፋ

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት እንጀራ ሲጋግሩ ላነሳ የቆርቆሮ ማድ ቤታቸው ገባሁ። በአሮጌ የሚስማር ቀዳዳዎች ፀሐይ ትገባለች፤ ጭሱ ብርሃኑን ይዞት ከጣሪያ እስከ ምጣዱ እንደ ተወጠረ ፈትል ይታያል። ፎቶው ላይ ግን ፈትሉ የለም። ሁሉም ግራጫ ሆኗል፤ ነጠላቸውም ሽመናው ጠፍቶ ነጭ እድፍ መስሏል።

መንስኤው የቀደመው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጨለማው ስለበዛ ካሜራው ብርሃን ጨመረ። ማካካሻውን ከ1 እስከ 2 እርከን ቀነስኩ። ቦታዬንም ቀየርኩ፤ ጭስ የሚያበራው ብርሃኑ ወደ አንሺው ሲመጣና ከበስተጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። እዚያው መሬቱ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቀዳዳዎቹ የተቀደዱና ማዕዘናም ቢሆኑም የወደቁት የብርሃን ነጠብጣቦች ክብ ወይም ሞላላ ነበሩ፤ እያንዳንዱ የፀሐይዋ ምስል ነውና። ማድ ቤቱ ራሱ ካሜራ ነበር።

ባጃጁ የቆመ ሲመስል

የመዝጊያው ፍጥነት በዝቷል። በ1/500 ሰከንድ እንቅስቃሴው ይቆማል። ወደ 1/30 አውርዶ፣ ባጃጁን ከወገብ እየዞሩ በሌንሱ መከተልና ከተነሳም በኋላ መዞሩን አለማቋረጥ ነው። ከሃያ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው።

የሌሊቱ ፎቶ ሲደበዝዝ

መብራት በጠፋበት ሌሊት ሕንፃውን በእጅ ባትሪ እያበራሁ 30 ሰከንድ አነሳሁ፤ ትሪፖድ ላይ ሆኖም ደበዘዘ። ያነቃነቀው ቁልፉን የተጫነው ጣቴ ነበር። ካሜራውን ከ2 ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሳ ማዘዝ፣ ፎከሱንም በባትሪው ብርሃን ካስተካከሉ በኋላ ወደ እጅ መቀየር ያድናል።

ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይ

አቧራማ መንገድ ላይ ሌንስ ስለተቀየረ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር ላይ ብናኝ አርፏል። ባዶ ሰማይ በኤፍ 16፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ጠቦ፣ ቢነሳ ይለያል። በጎማ መንፊያ ይነፋል እንጂ በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ይብሳል።

ካሜራው ሲነሳ ሰው ሁሉ ሲደርቅ

መንስኤው እኔ ነበርኩ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሌንስ እከፍት ነበር። እኚያ እናት ዘንድ ሦስት ቀን ያለ ካሜራ ሄድኩ፤ ቡና ጠጣሁ፣ ውሃ ቀዳሁ። በአራተኛው ቀን «እማማ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «አንሳኝ እንጂ ልጄ፤ ይህችን ብቻ ላውጣት» አሉኝ። ያነሳሁት አክንባሎውን ከፍተው እንፋሎቱ ከፊታቸው ገለል ሲል ነው። አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና ጣታቸውን ምጣዱ ዳር ላይ አሳረፉ።

«ይህችን ስንጥቅ» አሉኝ፣ «እኔ ብቻ የማውቃት መስሎኝ ነበር።»