መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ሲፈስ

በጥቁር አንበሳም ሆነ በዘውዲቱ ለምትሠሩ ነርሶች፦ ታካሚው «አቃጠለኝ» ካለ ወይም ቦታው ካበጠ መድኃኒቱን ወዲያው አቁሙ። አዛውንቶች ሕመም ችለው ዝም ይላሉ፤ «እማማ፣ ያቃጥልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። በስሪንጅ ሲሳብ ደም ተመልሶ መታየቱ ብቻ መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ እንዳለ አያስተማምንም።

ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ፕላስቲክ) ቶሎ አትንቀሉ። የመድኃኒቱን ቱቦ ከካኑላው ለዩና የቀረውን መድኃኒት በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከዚያ ሐኪሙ ማርከሻ በዚያው በኩል መስጠት ካልፈለገ ይነቀል። በሳላይን ማጠብ፣ መጫንና ማሸት መድኃኒቱን ያሰራጫል። ያበጠውን ዳር በእስክሪብቶ ክበቡ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ እጁን ከፍ አድርጉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ለሁሉም በረዶ ይያዛል። ለካንሰር መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን ቀዝቃዛ ነው፦ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለ20 ደቂቃ፣ በቀን 4 ጊዜ። ለሌላው የካንሰር መድኃኒት ለቪንክሪስቲንና የደም ግፊትን ከፍ ለሚያደርገው ለኖርኤፒንፍሪን ግን ሞቅ ያለ ነው፤ ኖርኤፒንፍሪን ያጠበበውን ደም ሥር ቅዝቃዜ ይብስ ያጠበዋል። ለኖርኤፒንፍሪን ማርከሻው ፌንቶላሚን ካለ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበጥብጦ በሐኪም ትእዛዝ ዙሪያውን ይወጋል፤ መድኃኒቱ ከፈሰሰ በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ ይሁን።

40% ግሉኮስንም አትናቁት፣ ሥጋ ይገድላል።

ቁስሉ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ በዚያው ቀን እንዲመለሱ ለቤተሰቡም ንገሩ።