መካኗን ሽንኩርት አትንቀሏት

ቆቦ ላይ ለዘር የተተከለ ቀይ ሽንኩርት ሲያብብ ከመሀሉ የወንዴ ዱቄት (ፖለን) የሌላት፣ መካን የሆነች አንዷ ብቅ ልትል ትችላለች። እኔ እንዲህ ያለችውን በሽተኛ መስላኝ ነቅዬ ጥያለሁ። አሁን ይቆጨኛል። የድቅል ዘር፣ ማለትም ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የሚገኝ ዘር፣ እናት የምትሆነው እሷ ነበረች።

ጤዛው ሲደርቅ፣ ረፋድ ላይ፣ ማሳ ግቡ። ጥቁር ጨርቅ ያዙ። የአበባውን ራስ ጨርቁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ቢጫ ዱቄት ከረገፈ እለፉት። ካልረገፈ አንዷን አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ስድስት የወንዴ ዘንጎች አሏት። የጤነኛው ጫፍ ሞላ ያለ ነው፤ ሲፈነዳ ጣት ላይ ቢጫ ይተዋል። የመካኗ ጭምድድ ያለ፣ አረንጓዴ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሳይፈነዳ ይደርቃል።

አትቸኩሉ ግን። ዘንጎቹ ባንዴ አይፈነዱም፤ የውስጦቹ ሦስቱ ይቀድማሉ። ክር አስራችሁባት ሦስት አራት ቀን ተመላለሱ።

መካንነቱ ከእናት ብቻ ከሚወረሰው ማይቶኮንድሪያ፣ ለሴሉ ኃይል ከሚያመነጨው ክፍል፣ ይመጣል። ከእናትም ከአባትም በሚወረሰው የሴሉ አስኳል (ኒውክለስ) ውስጥ ጉድለቱን የሚጠግን ጂን ካለ ዱቄት ይኖራል፤ ከሌለ የለም። አሜሪካዊው የአትክልት አዳቃይ ሄንሪ ጆንስ በፈረንጆቹ 1925 ካሊፎርኒያ ያገኛት ሽንኩርት እንዲህ ነበረች። ተሸፍና ዘር አልያዘችም፤ ዝርያዋ የተረፈው አበባዋ ላይ ባበቀለቻቸው ትንንሽ የሽንኩርት ኮረቶች ነው። (ካሮት ላይ ደግሞ መካንነቱ ጉድ ነው፤ የወንዴው ዘንግ የአበባ ቅጠል ሆኖ ቁጭ የሚልበት አለ።)

አሁን መካንነቷን ልጆቿ ላይ የሚያቆይላት ባል እንፈልግላት። ያልፈነዱ አበቦች ያሉበትን አንዱን ራሷን ከጎረቤቷ ራስ ጋር በአንድ ስስ መረብ ሸፍኑ። የተከፈቱትን ቀድማችሁ ልቀሙ። በየጠዋቱ በለስላሳ ብሩሽ ከሱ ወደሷ አድርሱ። መረቡ ውስጥ አባት አንድ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱን ዘር ለየብቻ ሰብስቡ። ሌሎች ራሶች ካሏት ከሌላ ጎረቤት ጋር ሞክሩ፤ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይኖራል።

ልጆቿ ሲያብቡ እንደገና በጥቁሩ ጨርቅ ፈትኗቸው። ሁሉም ዱቄት ካላቸው አባትየው ጠጋኙን ጂን በሁለቱም ቅጂ ይዟል። ግማሾቹ ብቻ ካላቸው በአንዱ ቅጂ ብቻ ይዟል። ሁሉም መካን ከሆኑ ግን የፈለግነው ባል እሱ ነው፤ የራሱን ዘር አትሽጡት። ከዘር እስከ አበባ ሁለት ወቅት ይፈጃልና አብሽሩ።