ምናባዊ ልብ ወለድን ለቴሌቪዥን ሲያጩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ መጽሐፍ ወዳዶች ተሰብስበው የምናባዊና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጨዋታ ከተነሣ «ይህ መጽሐፍ ተከታታይ ድራማ ሊሠራበት ይገባል» የሚል አይጠፋም። የጣና ገዳማትን ከረቀቀ ቴክኖሎጂ ጋር ያጋመደው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ብዙ ጊዜ ከፊት ይሰለፋል። ምኞቱ ደግ ነው፤ ጽሑፈ ተውኔቱ ሲጀመር ግን ያው ስህተት ይደጋገማል።

መጽሐፍን ስለወደዱት ብቻ ማጨት አንዱ ነው። ልብ ወለድ ባንድ ሌሊት ተነብቦ ሊያልቅ ይችላል፤ ድራማ ግን ተመልካቹን በሳምንቱ መልሶ ማምጣት አለበት። ባለታሪኩ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚከለክለውም ይመርምሩ። የተፈጠረው ዓለም የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፍላጎቱ በሦስተኛው ምዕራፍ ከተሟላ መጽሐፉ ለአንድ ፊልም ይበቃል እንጂ አሥር ክፍል አይወጣውም።

ያላለቀ ታሪክ መጀመርም አደጋ አለው። በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው ድራማ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» እ.ኤ.አ. በ2011 ለእይታ ሲበቃ የመጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ በዚያው ዓመት ወጣ። ድራማው በ2019 ሲጠናቀቅ ስድስተኛው ገና አልታተመም ነበር። አዘጋጆቹ መጽሐፉን ቀድመው ሄዱ፤ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ የተነሣውን የተመልካች ቁጣ ያላስታወሰ የለም።

በልብ የሚታሰበውን ሁሉ በተራኪ ድምፅ ማስነገር ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ «ዱን» በገጸ ባሕርያቱ ሐሳብ የተሞላ ነው። የ1984ቱ ፊልም ያንን ሐሳብ በሹክሹክታ ሊያሰማ ሞከረና ተመልካቹን አደከመው። ፍርሃትን በእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቂምን በተገፋ ማዕድ ማሳየት ይቻላል።

እኔን ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ምናባዊ ሲባል ዘንዶና ካባ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ነገር ነው። ፋሲል ግቢን ባዩ ቁጥር ስም የለሽ የንጉሥ ቤት ያደርጉታል። አጼ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ እነ ኢያሱ፣ እነ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም የየራሳቸውን ሕንፃ ጨምረውበታል። ጎንደሬው እያንዳንዱን ግንብ ለይቶ ያውቃል፤ «የሌላ ፕላኔት ቤተ መንግሥት ነው» ቢሉት ይስቃል።

ተአምር ከፈለጉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳናት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ደካማ አዘጋጅ ሰማዩን በኮምፒውተር በተሠራ ንብ ይሞላዋል። እኔ ብሆን ካሜራውን ከበሩ ውጭ፣ ችቦ የያዘ አንድ ወታደር ፊት ላይ አቆመዋለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው ከድንጋዩ አጥር ወዲያ የሚመጣ ስስ ድምፅ ነው፤ ምን እንደሆነ አይለየውም። ችቦውን ዝቅ ያደርጋል። አንዲት ንብ እጁ ላይ ታርፋለች፤ ቀጥሎ ሌላ። ፈረሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የዚህ ትዕይንት ወጪ ከአንድ ዘንዶ ጋር አይወዳደርም።

በቅርሱ ግቢ እሳት፣ ጭስና ከባድ መብራት ያለ ፈቃድ አይታሰብም፤ ይህንን ለዝግጅቱ መጨረሻ የሚተው ሰው ቀረጻው ይሰናከልበታል።

የጸሐፊውን መብት መዝለል ደግሞ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመቀየር መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ካረፈ 50 ዓመት ያልሞላውን ደራሲ መጽሐፍ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ መንካትም አይቻልም። «በስልክ ተስማምተናል» የሚባለው ዋስትና አይሆንም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ክፍል እንደሚሠራ፣ ተከታይ ቅጾች ይካተቱ እንደሆነ፣ ቀረጻው ካልተጀመረም መብቱ መቼ ለደራሲው እንደሚመለስ ይግለጽ። የመጀመሪያው ገጽ የሚጻፈው ከፊርማው በኋላ ነው።