የውሃ ዳር ወፎች ሲጠናኑ ፎቶግራፍ ማንሳት

እንደ ሳቢሳ፣ ሽመላ፣ ክሬንና ፍላሚንጎ ያሉ ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች ሲጠናኑ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በዚህ ሥራ ከውድ ሌንስ ይልቅ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት ወፎቹን በባይኖኩላር በትዕግሥት ይከታተሉ።

ለመጀመር ትልቁን ነጭ ሳቢሳ እመርጣለሁ። በመራቢያው ወቅት ከጀርባው የሚበቅሉት ስስ ላባዎች ከጅራቱ አልፈው ይወርዳሉ፤ በዓይኑና በመንቁሩ መካከል ያለው ራቁት ቆዳም ከቢጫነት ወደ ደማቅ አረንጓዴ ይለወጣል። እነዚህ ላባዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለባርኔጣ ጌጥነት እጅግ ተፈልገው ስለነበር ወፉ በብዙ ቦታዎች ክፉኛ ታድኗል። ወንዱ የጎጆ ቦታ ከያዘ በኋላ አንገቱን ቀጥ አድርጎ መንቁሩን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ወዲያው እግሮቹን አጥፎ ዝቅ ሲል የጀርባው ላባዎች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። አንገቱ መቅናት ሲጀምር ተከታታይ ማንሻውን (ብዙ ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳውን ቁልፍ) ተጭነው ላባው ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ድረስ አይልቀቁ። ካሜራውን ወደ ቁም አዙረው ከራሱ በላይ ሰፊ ቦታ ይተዉ፤ ወፉ ተቀምጦ ሳለ ልክ የመሰለው ክፈፍ አንገቱ ሲዘረጋ መንቁሩን ይቆርጠዋልና።

የነጭ ላባ ትልቁ ፈተና ብርሃን ነው። ከጀርባው ጥቁር ቅጠል ካለ ካሜራው ምስሉን ከልክ በላይ ስለሚያፈካው የላባው ዝርዝር ይጠፋል፤ ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው)፣ በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ምስል) ያንሱ፣ ሂስቶግራሙም (የምስሉን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ ጠርዝ እንዳልተቆረጠ ደጋግመው ያረጋግጡ። ጠዋት ፀሐይ ከወፉ በስተጀርባ ዝቅ ብላ ስትወጣ ብርሃኑ በላባዎቹ መካከል ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይታያል፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ብርሃን ነው።

ክሬኖች ሲጨፍሩ እጅ ይነሳሉ፣ ይዘላሉ፣ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ እንጨት ወይም ሣር ወደ ላይ ይወረውራሉ። የሹተር ፍጥነትዎን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ቢያንስ 1/2000 ሰከንድ ያድርጉ፤ ሁለቱም ወፎች ጥርት ብለው እንዲታዩ ደግሞ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 8 ያጥብቡት፤ ለዚህም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ነጭ ሽመላ በአንጻሩ ራሱን ወደ ጀርባው ቀልብሶ መንቁሩን ያንኳኳል፤ እዚህ ላይ ካሜራውን በትራይፖድ አስረው በ1/100 ሰከንድ አካባቢ ቢሞክሩ የመንቁሩ መንቀጥቀጥ በፎቶው ላይ ሊነበብ ይችላል።

ርቀትን በሚመለከት አቋሜ ጥብቅ ነው። ከ500 እስከ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ይጠቀሙ፣ ከንጋት በፊት መሸሸጊያዎ ውስጥ ገብተው ይጠብቁ፣ የተቀዳ የወፍ ድምፅ አያጫውቱ፣ እይታ ለመክፈት ብለው ጎጆውን የሚከልል ቅርንጫፍ አይቁረጡ። ወፎቹ ጭፈራቸውን አቋርጠው አንገታቸውን በማስገግ ወደ እርስዎ ማየት ከጀመሩ ከሚገባው በላይ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብለው ያፈግፍጉ። በተለይ ብዙ ጎጆዎች በአንድነት በሚሠሩበት ቦታ አንዱ ጥንድ ገና ሲጠናና ጎረቤቱ እንቁላል ታቅፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ወፎቹ ደንግጠው ቢነሱ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።