የልጅ ቀለብን ከቀድሞ የትዳር አጋር ጋር እንደገና ሲደራደሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀለብ በተወሰነበት ዕለት የነበረው የኑሮ ሁኔታ ለዓመታት ባለበት አይቆይም። ልጁ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከፋዩ ወላጅ ሥራውን ሊያጣ፣ ደመወዙ ሊያድግለት ወይም ሌላ ልጅ ሊወልድ ይችላል፤ የዋጋ ንረትም ትናንት ይበቃ የነበረውን ገንዘብ ዛሬ ያሳንሰዋል። ስለዚህ የቀለቡ መጠን ይሻሻል ብሎ መጠየቅ የተገባ ነገር እንጂ ጠብ መጫር አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው በአጠያየቁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ከፋዩ ወላጅ ገቢዬ ቀንሷል በማለት ክፍያውን በራሱ ውሳኔ መቀነሱ ወይም ማቋረጡ ነው። ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ በሌላ ውሳኔ እስካልተተካ ድረስ የጸና ነው፤ ያልተከፈለውም ወር በወር እየተጠራቀመ ውዝፍ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳውም በፍርድ አፈጻጸም ከደመወዝ ሊያስቆርጥ፣ ንብረትም ሊያስይዝ ይችላል። ሥራ ያጣ ወላጅ የአቅሙን ያህል እየከፈለና የከፈለበትን ማስረጃ እየያዘ፣ ሳይውል ሳያድር የማሻሻያ አቤቱታ ሊያቀርብ ይገባዋል።

“ሳይውል ሳያድር” የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁኔታው ይስተካከል ይሆናል በሚል ተስፋ ወራትን ማሳለፍ በብዙ አገሮች ሕግ ዘንድ ውድ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማሻሻያው በአብዛኛው የሚሠራው ከጥያቄው በኋላ ላለው ጊዜ ነውና። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የመክፈያ ጊዜው ያለፈ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀነስ ይከለክላል፤ ቢበዛ ሊሻሻል የሚችለው አቤቱታው ለሌላው ወገን ከተገለጸበት ቀን ወዲህ ያለው ነው። ጭማሪ የሚፈልገው ወላጅም ቢሆን በዝምታ ያሳለፋቸውን ወራት መልሶ ላያገኛቸው ይችላል።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት በቃል ስምምነት መተማመን ነው። ሁለቱ ወላጆች በስልክ ተነጋግረው መጠኑን ይቀንሳሉ፤ ለጥቂት ጊዜም ሰላም ይሆናል፤ ከዚያ ቅሬታ ሲነሣ አንደኛው ስምምነቱን ይክዳል፣ የቀድሞው ውሳኔም በመዝገብ ላይ እንዳለ ይገኛል። ስምምነቱ መጠኑን፣ የሚጀምርበትን ቀን፣ የአከፋፈሉን መንገድ፣ እንዲሁም የሕክምናና የትምህርት ወጪ በማን እንደሚሸፈን ለይቶ በጽሑፍ መስፈርና የመጀመሪያውን ውሳኔ በሰጠው አካል መጽደቅ አለበት። በተለይ “ቀለቡን ትቼዋለሁ፤ አንተም ልጁን አትጠይቀኝ” የሚለው ዓይነት ውል እጅግ አደገኛ ነው። ቀለቡ የልጁ መብት ስለሆነ፣ ወላጅ የራሱ ያልሆነውን መብት ሊሸጠው ወይም ሊለውጠው አይገባም፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም እንዲህ ያለውን ውል አይቀበሉትም።

በዚሁ ምክንያት ቀለብን ከጉብኝት ጋር ማሰር ስህተት ነው። ገንዘብ አልተከፈለም ተብሎ ልጁን ከወላጁ መከልከልም ሆነ፣ ልጄን አላገናኘችኝም ተብሎ ክፍያ ማቆም ሁለቱም የሚጎዱት ልጁን ነው። የቀለብ ጥያቄና የግንኙነት ጥያቄ ለየብቻቸው ይቅረቡ። ልጁንም በመካከል መልእክተኛ ማድረግ፣ “አባትህን ገንዘብ በለው” ብሎ መላክ፣ በምንም ምክንያት አይገባም።

ያለ ማስረጃ ለድርድር መቀመጥም ንግግሩን ወደ ቀድሞው ትዳር ጠብ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 ለልጁ ዕድገት የሚያስፈልገውን የኑሮ ሁኔታ የማሟላት ቀዳሚ ኃላፊነት፣ በችሎታቸውና በገንዘብ አቅማቸው መጠን፣ የወላጆች መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገር ይመዘናል፦ የልጁ ፍላጎትና የወላጆቹ አቅም። ጠያቂው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመድኃኒት፣ የልብስና የቤት ኪራይ ደረሰኞችን፣ ከፋዩ ደግሞ የደመወዝ መግለጫና የባንክ ዝርዝር ይዞ ይቅረብ። ገቢን መደበቅ ወይም ወጪን ማጋነን አንድ ጊዜ ከተደረሰበት፣ በእኔ እምነት ከዚያ በኋላ የሚቀርበውን እውነት ሁሉ ያጠራጥራል። ፊት ለፊት መነጋገር የማይቻል ከሆነ፣ በተለይም በትዳሩ ውስጥ ጥቃት ከነበረ፣ ሽምግልና ግዴታ ነው ብሎ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ጉዳዩን በጠበቃ ወይም በቀጥታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ አዲሱ መጠን ወደፊት እንዴት እንደሚከለስ አለመወሰን ነው። ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈ የዋጋ ንረቱ በየዓመቱ ይሸረሽረዋል፤ ስለዚህ በይፋ በሚወጣ የዋጋ መለኪያ መሠረት የሚጨምርበትን መንገድ ወይም የሚከለስበትን ወቅት ከጅምሩ መጻፍ ሌላ ክርክርን ያስቀራል። ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ከሆነ ክፍያው በየትኛው ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ አብሮ ይገለጽ፤ ሁለቱም አገሮች እ.ኤ.አ. በ2007 በሄግ የተፈረመውን የልጅ ቀለብ አሰባሰብ ስምምነት የተቀበሉ ከሆነም፣ የማሻሻያ ጥያቄው በአገሮቹ በተሰየሙት ማዕከላዊ ባለሥልጣናት በኩል ሊቀርብ ይችላል።