ሐምሌ የተተከለ ችግኝ ግንቦትን እንዲሻገር

እንጦጦ ጫፍ፣ የካ ተራራ ላይ፣ ሱሉልታ ሜዳ ወይም አቃቂ ወንዝ ዳር የተተከለ ችግኝ ክረምቱ ይደላዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ይፋ ከተደረገ ወዲህ መትከሉን ሁላችንም ለምደነዋል። ማጽደቁ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የሚጀመረውም ገና ሐምሌ ሳይገባ ነው።

ስለዚህ ስንት ችግኝ እንደምታመጡ ከመወሰናችሁ በፊት ጀሪካን ቁጠሩ። በደረቁ ወራት ለአንድ ችግኝ በየ10 ቀኑ 3 ሊትር ውኃ ያዙለት። ለ100 ችግኝ 300 ሊትር ነው፤ 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ 12 ዙር ሲጠጣ 180 ጀሪካን ይሆናል። አንድ አህያ ሁለት ሁለት ብትጭን 90 ምልልስ ነው። ይህን የሚሸከም ሰውና እንስሳ ከሌለ ቁጥሩን ቀንሱ፤ 40 ተክሎ 40ውን መንከባከብ ምንም ነውር የለበትም። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ከመጣ ሸክሙን ያቀልላል፤ ግን አይታመንምና በእሱ አታስሉ፤ ካልመጣ ማጠጣቱ ይቀጥላል።

የዝርያው ምርጫ ከቦታው ይነሣል። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ግማሽ ቀን ዞሮ ማየት ብዙ ያስተምራል፦ ከታች ጥድ ከወይራና ከዝግባ ጋር፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ጫፉ ላይ አስታ። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በእንጦጦና በየካ ድንጋያማ፣ ስስ አፈር ላይ ጥድና ወይራ ይስማማሉ፤ አፈሩ ታጥቦ ባለቀበት ደግሞ መጀመሪያ ክትክታ ይግባ። ኮሶ ከፍታና ጥልቅ አፈር ይወዳል፤ የሸለቆ ዳር ስጡት። ወደ አቃቂና ኮዬ ፈጬ ሲወረድ መሬቱ ኮትቻ፣ ማለትም የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው፤ እዚያ ግራር ይሻላል፣ ጥድ ውኃ በቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። ዋንዛና ብሳና ለታችኛው ወንዝ ዳር ጥሩ ናቸው፤ እንጦጦ ራስ ላይ ግን ብርዱን አይችሉትም። ከቆመ ባሕር ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ሥሩ የችግኙን ውኃ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ በረጅሙ አትታለሉ። ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ አንገቱ ላይ፣ ግንዱ ከአፈሩ በሚወጣበት፣ የጠነከረና እርሳስ ያህል የወፈረ ይበቃል። ጥድና ወይራ ለዚህ ለመድረስ ዓመትና ከዚያ በላይ ጣቢያ ይቆያሉ። “ጥላው መቼ ተነሣ? ውኃውስ መቼ ተቀነሰ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከመተከሉ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ከጣቢያ ሲወጣ አረንጓዴና ቆንጆ ነው፤ ተራራው ላይ በሳምንቱ ይጠወልጋል።

ጉድጓዱን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቆፍሩ፤ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር። ላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ቆልሉ፤ ሲሞላ ላይኛው ከአንድ አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥሩ ይገባል። ዓለት ካስቸገረ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ስፋት ይሁን። ኮትቻ ላይ ርጥብ ሆኖ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው በዶማው ተለስኖ ያብለጨልጫል። ሥሩ ይህን ግድግዳ ሰብሮ መውጣት ያቅተውና ማሰሮ ውስጥ እንዳለ ይጠማዘዛል። በዶማው ጫፍ ጫርጫር አድርጉት፤ ችግኙንም ከመሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉት።

ተዳፋት ላይ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ክትር ይሠራል። ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ አፉ ወደ ዳገቱ፣ ጀርባው በድንጋይ የተደገፈ። ችግኙ ከክትሩ ከፍ ብሎ፣ ለእሱ ተጠግቶ ይቆማል። ዋናው ነገር የጨረቃዋ ሁለት ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸው ነው፤ የግንበኛ ውኃ ልክ ተውሳችሁ ለኩ። አንዱ ጫፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ ካለ ጎርፉ በዚያ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ክትሩን ይንደዋል፣ ከታች ያሉትንም ይዞ ይሄዳል።

የመትከያ ጊዜው አፈሩ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲረጥብ ነው። እንጨት ሰክታችሁ አውጡ፤ ጫፉ ላይ ርጥብ አፈር ተጣብቆ ከወጣ ጊዜው ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የገባ ችግኝ ሥር ሳይሰድ መስከረም ይጠባል።

ችግኙን በግንዱ አንጠልጥላችሁ አትሸከሙ፤ ከታች ከፕላስቲኩ ያዙት። ጉድጓዱ አፍ ላይ አስተኙትና የፕላስቲኩን ቂጥ ከነአፈሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ቁረጡ። የተቆረጠውን ገልብጣችሁ እዩት፤ እንደ ጅራፍ የተጠቀለለ ነጭ ሥር ካለበት ሥሩ በጊዜ ተቆርጦ ወጥቷል ማለት ነው። ያ ሥር ሳይቆረጥ ቢቀበር እዚያው እየዞረ ይወፍርና ዛፉ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይወድቃል። ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁ፣ አፈሩን በመዳፍ ደግፋችሁ አስገቡ፣ ፕላስቲኩን ሳቡ። አንገቱ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከተራቆተ ይደርቃል። አፈሩን እየሞላችሁ በእግር ጠቅጥቁ፤ በሁለት ጣት ቅጠሉን ይዛችሁ በቀስታ ስትስቡ ችግኙ ከተከተላችሁ ገና ነው። ማታ ወደ ቤት ሳትሄዱ ፕላስቲኮቹን ቁጠሩ። 40 ችግኝ ገብቶ 37 ፕላስቲክ ከተገኘ ሦስቱ ከነፕላስቲካቸው ተቀብረዋል፤ ፈልጋችሁ አውጧቸው።

መስከረም ላይ በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር አርሙ። መሬቱ ሳይደርቅ፣ ጥቅምት ከመጋመሱ በፊት፣ ዘር ያልያዘ ሣር ወይም ገለባ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዙ፤ ከግንዱ አራት ጣት ይራቅ። ድንጋያማ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይም ያገለግላል። ውኃ ማድረስ ለማይቻልበት ተራራ ይህ ጉዝጓዝና ግማሽ ጨረቃው ናቸው ተስፋው፤ ስለዚህ እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። ኮትቻ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል፤ ስንጥቁ ገና ጣት ሳያስገባ ኮትኩታችሁ ሙሉት።

ለማጠጣት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ ነው። ቂጡን ቁረጡ፣ ክዳኑን በመርፌ ብሱ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ቅበሩ። ውስጡ ቁራጭ ጨርቅ ካልገባ ቀዳዳው በአፈር ይደፈናል። ከላይ ርጭት ማድረግ ግን ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ላይኛው አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል።

ሱሉልታን በመሰለ ረባዳ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይተኛል። ችግኙን በሣር ጎጆ ሸፍኑት፤ አናቱ ትንሽ ክፍት ይሁን።

ከሁሉም የሚከብደው ከብት ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል፣ የወይራ ቅጠል ደግሞ ለሁሉም ይጥመዋል። በቀጋና በአጋም እሾህ ማጠር ይረዳል። ነገር ግን ከአካባቢው ሰው ጋር ሳትነጋገሩ ያጠራችሁት እሾህ ለምድጃ ይሄዳል፤ መሬቱን የግጦሽ መሬቴ ነው የሚል አባወራ አለና ሰኔ ላይ ቀድማችሁ ሂዱ። የሚሠራው ስምምነት ሣሩን ለእነሱ መተው ነው፤ ከብት አይግባ፣ ሣሩ ግን ይታጨድና ይወሰድ። አጨዳው ሲደርስ ማጭድ ችግኝ እንዳይቆርጥ በየችግኙ አጠገብ ረጅም እንጨት ይተከል።

ግንቦት ላይ ዙሩና የሞቱትን ነቅላችሁ ሥራቸውን እዩ። የአፈሩ ቅርጽ እንደ ፕላስቲኩ ከሆነና ሥር ካልወጣ ዘግይቶ ተተክሏል ወይም ውኃ አጥቷል። ሥሩ ጠቁሮ ከሸተተ ውኃ ተኝቶበታል፤ ጉብታው ከፍ ይበል። ስትነኩት ያለ ምንም ሥር እጃችሁ ላይ ከቀረ ፍልፈል በልቶታል። አናቱ ተቀንጥሶ ሥሩ ሕያው ከሆነ አትንቀሉት፤ ወይራ ከሥር ያቆጠቁጣል፣ ከከብት መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ባዶ የቀሩትን ጉድጓዶች ምክንያታቸውን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐምሌ ላይ የሚተኩት ችግኞች የሚገቡት እነዚያው ውስጥ ነው።