ከእድር መዝገብ እስከ ጤና ጣቢያ፦ ስለ ሞትና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የምንሠራቸው ስህተቶች

አባቴ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ዶሮ ማነቂያ የእድር ጸሐፊ ነበር። ሲያርፍ መዝገቡን ለተተኪው ከማስረከባችን በፊት አንድ ሌሊት ሙሉ ሳገላብጠው አደርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የቀብር ቦታ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ። ሰውየው በምን እንደሞተ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ግን ዕድሜውን ብቻ እያዩ መውረድ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያሉት ገጾች ላይ 27፣ 34፣ 31፣ 41 ይላል። ወደ 2000ዎቹ ሲመጣ 68፣ 74፣ 81 መብዛት ይጀምራል።

እኔ ነርስ ነኝ። መሀል ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ማን ቀድሞ እንደሚታመም፣ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ስንነጋገር ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ የአስተሳሰብ ስህተት ናቸው። አንዳንዶቹ ሰው የሚያሳምሙ፣ አንዳንዴም የሚገድሉ ናቸው።

«ብርድ ነው የመታው»

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚባለውን አስታውሳለሁ። «ብርድ መታው»፣ «ሳንባውን ነው»፣ «አልማዝ ባለጭራ ወጣበት»። ኤች አይ ቪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሟችን ከሐሜት ለማዳን ነበር፤ ይገባኛል። ግን ሚስትየዋ ሳትመረመር ትቀራለች። ልጆቹም።

በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ስለ አዲስ አበባ ሞት ብዙ ነገር ያወቅነው ከመቃብር ቦታዎች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የሚፈጸሙ ቀብሮችን አስመዘገቡ። ቤተሰብ በራሱ አንደበት የሚሰጠውን የሞት ምክንያትም አብረው ጻፉ። «ብርድ» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን የታየው እንዲህ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም፣ በጎልማሶች መካከል የነበረው ሞት በጣም መቀነሱ የታየው በእነዚሁ የቀብር መዝገቦች ነው። አባቴ ሳያስበው የጻፈውን ከተማው ሁሉ ጽፎታል።

ዛሬ ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም የሚሸፈነው። አንዲት እናት በማህፀን በር ካንሰር ስትሞት «የሆድ ሕመም ነበረባት» ይባላል። እህቶቿና ጎረቤቶቿ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። የበሽታው ስም ቢነገራቸው ኖሮ በማግስቱ ለምርመራ ይመጡ ነበር።

«አዲስ አበባ ተበላሽታለች»

በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ 3.4 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ስለ ከተማው ምግባር ማውራት ይጀምራል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ቁጥር የሚቆጥረው ቫይረሱ ያለባቸውን በሕይወት ያሉ ሰዎች ነው። የሞተ አይቆጠርም። በ1990ዎቹ አንድ ሰው ተይዞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያርፍ ከቁጥሩ ይወጣ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ልጁን ይድራል፣ የልጅ ልጁን ያያል። በየዓመቱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር ከፊሉ የሕክምናው ሥራ ነው፤ ሰው ስላልሞተ ነው ያልወረደው። በሽታው እየተስፋፋ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ማየት ያለበት በዚህ ዓመት ስንት ሰው አዲስ ተያዘ የሚለውን ነው። ሁለቱን ማምታታት እኛ ጋ ካሉት ስህተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ይመስለኛል። በሬዲዮም በስብሰባም እሰማዋለሁ።

ደግሞም መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው የቆየ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህንን ስነግራቸው የሚያለቅሱ አሉ። ለዓመታት የገዛ ባለቤታቸውን ሲፈሩ የኖሩ ናቸው።

«ሚስቴ ተመርምራለች እኮ፣ ሲስተር»

በ2010 ዓ.ም. በከተሞች የተደረገ ጥናት፣ ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ ሴቶች 4.1 በመቶው፣ ከወንዶቹ 1.9 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚህ ተነስቶ ሴቶቹን የሚወቅስ ሰው አይጠፋም። ምክንያቱ ሌላ ነው። በአንድ ግንኙነት ከወንድ ወደ ሴት የመተላለፉ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ወጣት ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚይዙት በዕድሜ የሚበልጣቸውን ወንድ ነው። ኮንዶም ይሁን አይሁን የሚወስነውም ብዙ ቤት ውስጥ እሷ አይደለችም።

ሌላውን ስህተት ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ነፍሰ ጡሯ ለክትትል ትመጣለች። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ ትመረመራለች። ባልየው ውጭ ቡና እየጠጣ ይጠብቃል። እንዲመረመር ስጋብዘው ይገረማል። «እሷ ነፃ ናት አላችሁ አይደል? ታዲያ እኔ ምን አስመረመረኝ?»

እንዲህ አይሠራም። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት ባልና ሚስት አሉ። ለዓመታት እንዲህ የሚኖሩ ብዙ አይቻለሁ። የእሷ ውጤት የእሷ ነው። የእሱ እሱ ክንድ ውስጥ ነው ያለው። በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ እሱ ሳያውቅ ካስያዛት ደግሞ አደጋው ለሕፃኑም ይተርፋል።

ወንዶች ጤና ጣቢያ የሚያመጣቸው አጋጣሚ የላቸውም። አያረግዙም፣ ሕፃን አያስከትቡም፣ የወሊድ መከላከያ አይወስዱም። ስለዚህ የሚመጡት ሲወድቁ ነው። ክብደቱ ቀንሶ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ በወንድሙ ትከሻ ተደግፎ የመጣ ሰው አልጋ ላይ ሳስተኛ ሁሌ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሚስቱን አምስት ጊዜ ለክትትል አምጥቷታል፤ አምስት ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አዲስ አበባ ውስጥማ ሁሉ ነገር አለ»

አማካይ ቁጥር ደግ ነው፣ ግን ሰው ይደብቃል። በዚያው የ2008 ጥናት ከአዲስ አበባ እናቶች 97 በመቶው በጤና ተቋም ወልደዋል። በአገር ደረጃ 26 በመቶ ነበር። 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በአዲስ አበባ ከ1000 ውስጥ 39፣ በአፋር 125 ነበሩ። ታዲያ እዚህ የቀረ ችግር የለም ብሎ መደምደም ይቀላል።

ሆስፒታል በእግር የሚደረስበት ግቢ ውስጥ ሆና ሐኪም አይታት የማታውቅ ልጅ ግን አለች። የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከገጠር በ13 ወይም በ14 ዓመቷ መጥታ፣ መታወቂያ የላትም፣ ስልክ የላትም፣ የምትወጣው እሑድ ለቅዳሴ ብቻ ነው። ብትደፈር ለማን ትናገራለች? እሑድ እስኪደርስ ደግሞ ጊዜው ያልፋል። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፣ ለ28 ቀንም ይወሰዳል። ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ሕክምናን፣ ፖሊስንና ምክርን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ያለችውን ልጅ ይህን ንገሯት። መንገዱንም አሳይዋት። ከሥራ ቀን ላይ ግማሽ ቀን ቀንሳችሁ ለጤናዋ ስጧት።

«ፖስትፒል ወስጃለሁ»

ፖስትፒልም፣ ከላይ ያልኩት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒትም 72 ሰዓት ስለሚባልላቸው ነው መሰለኝ፣ ፖስትፒልን ለሁሉም ነገር መከላከያ የሚያደርጉ ወጣቶች አሉ። ፖስትፒል የሚከላከለው እርግዝናን ነው። ኤች አይ ቪንም፣ ጨብጥንም አይነካም። እንደ መደበኛ መከላከያ እየደጋገሙ መውሰዱም አያዋጣም፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ እርግዝና የመፈጠር ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለብቻ መታከም

ፈሳሽ ያየ ሰው ፋርማሲ ገብቶ «ለዚህ የሚሆን ስጡኝ» ይላል። ሁለት ቀን ሲሻለው ያቆመዋል። ጨብጥ መድኃኒት የመላመድ ባሕርይ ስላለው ይህ በጣም ያስፈራኛል። ክላሚዲያ ደግሞ ሴቷ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ተቀምጦ ማህፀንንና የእንቁላል ቱቦን ሊጎዳ ይችላል። ልጅ ለምን እንቢ አለኝ ብላ ዓመታት የምትንከራተት ሴት ምናልባት መነሻዋ እዚህ ጋ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ካልታከሙ ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ያፈረ ሰው ካርድ አውጥቶ ይግባ። የምንጠይቀው ለመፍረድ አይደለም።

«ወልጄ ጨርሻለሁ፣ ምን አለኝ»

የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የአገራችንን ሴቶች በብዛት የሚይዝ ካንሰር ነው። ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። ደቂቃዎች ይወስዳል። ብዙዎቹ የማይመጡት ግን መውለድ ስላቆሙ ነው፤ ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡርና የሕፃን ቤት ይመስላቸዋል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ገደማ ስለሆነ መድኃኒታቸውን ሲወስዱ እናስታውሳቸዋለን። ጉሊት የምትቸረችረውን፣ ቢሮ የምትውለውን ግን የሚያስታውሳት የለም። ልጆቻችሁስ? የዚህ ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። መካንነት ያመጣል የሚባለው ውሸት ነው።

ሰፈር ሲለቁ ክትትል መተው

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መፍረስ ሲጀምር ብዙ ታካሚዎቻችን ራቅ ወዳሉ ሰፈሮች ሄዱ። አንዳንዶቹ ጠፉብን። አዲስ ሰፈር ሄዶ አዲስ ሰው ፊት ስለ ራስ መናገር ከባድ ነው፣ ታክሲውም ውድ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለአንድ ወር ማቋረጥ ግን የዓመታት ልፋትን ያበላሻል። የማዘዋወሪያ ወረቀት እንሰጣለን። አዲሱ ቦታ ካልተመቻችሁ እዚሁ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ።

እንዲህ የምታደርግ እናት አለችን። ልጽፈው ፈቅዳልኛለች። ዕድሜዋ 63 ነው። ከተማው ጫፍ አራብሳ ሄዳ፣ ከዚያ በዓመት ሁለቴ ትመጣለች። ባለቤቷ አባቴ መዝገብ ላይ አለ፦ 1991 ዓ.ም.፣ 41 ዓመት። ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰም። ባለፈው ስትመጣ መድኃኒቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የስድስት ወር የእድር መዋጮዋን ልትከፍል ወጣች።